በትንሿ ጣት የተጻፈ

ኦክቶበር 9 ቀን 2016
ቫሌንሺያ፣ ስፔን

ለአጎቴ ልጅ ለዬ ቦሊን፤

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል፤ እናቴ ያስተማረችኝ እንደዚያ ነው። ስለዚህ እንደምን ሰነበትክ? አጎቴ ዴፉ እንደምን አሉ? ወገባቸውን ተሻላቸው? ሚስትህና ልጅህስ? የአያቶቻችን ጥላ ከደጃችሁ አይራቅ። ሰላምታዬ እዚህ ላይ አበቃ።

ከዛሬ ጀምሮ በስልክ አትጻፍልኝ። የአንተንም የአባትህንም ቁጥር ዘግቼዋለሁ። በስልክ የሚመጣልኝ ቃል ከማን እንደመጣ አላምንም። የምትለኝ ካለህ ወረቀት ግዛ፣ እስክሪብቶ ያዝ፣ በእጅህ ጻፈውና ፖስታ ቤት ውሰደው። የእጅ ጽሕፈትህን አውቀዋለሁ፤ ስድስት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረናል።

የሆነውን አንድ በአንድ ልጻፍልህ፣ ኋላ አልገባኝም እንዳትል። እናቴ የሞተችው ማርች 11 ቀን ነው። እኔ የሰማሁት ሴፕቴምበር 20 ቀን ነው። በመሀል ስድስት ወር አለ። በእነዚህ ስድስት ወራት ከእናቴ ስልክ ሁለት መቶ አሥራ አራት መልእክት ደርሶኛል፤ ቁጭ ብዬ ቆጥሬዋለሁ። "በልተሻል?" ብላኛለች። "ዝናቡ ጥሩ ነው፣ ሩዝ ማሳው ውስጥ ያሉት አሳዎች ወፍረዋል" ብላኛለች። በልደቴ ቀን "ረጅም ኑድል ብዪ፣ ዕድሜሽ ይርዘም" ብላኛለች። የመኖሪያ ፈቃዴ የወጣ ዕለት "እማዬ፣ ወረቀቴ ወጣ፣ ቲኬት ልቆርጥ ነው" ብዬ ስጽፍላት "ደስ ብሎኛል ልጄ" ብላ ወዲያው መለሰችልኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ከራስህ ስልክ "አክስቴ በማርች አርፋለች፣ ራስሽን አረጋጊ" የሚል መጣ። ቲኬቱን ሰረዝኩት። ወደ ማን ልምጣ?

እናቴ አንድ መልእክት ለመላክ ምን ያህል እንደምትደክም አንተ አይተሃል። የተማረችው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱን ቻይንኛ አትናገርም፤ አፏን የፈታችበት የተራራችንን ቋንቋ ነው። ስለዚህ አንተ እንደምታደርገው የቃሉን ድምፅ በላቲን ቁልፍ እየነካች፣ ከሥር ከሚደረደሩት ፊደሎች ለቅማ መላክ አትችልም። እያንዳንዱን ፊደል በጣቷ መስታወቱ ላይ ትጽፈው ነበር፣ አባቷ አመድ ላይ እንዳስተማራት፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ጠቋሚ ጣቷ በማጭድ ስለደነደነ ስልኩ አይሰማትም። በትንሿ ጣቷ ነበር የምትጽፈው። እኔ እዚህ ባር ውስጥ ዳቦ እየጠበስኩ ከስሟ ሥር "እየጻፈች ነው" የሚለውን አያለሁ። አንዱ ዳቦ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፣ እሷ ገና እየጻፈች ናት። ከዚያ አራት ፊደል ይመጣልኛል። ቀኔን የምውለው በዚያ ነበር።

በጸደይ መልሷ ቶሎ ቶሎ ይመጣ ጀመር። እኔ ሞኟ ምን እንዳልኳት ታስታውሳለህ፣ ያነበብከው አንተ ነህና። "እማዬ ጎበዝ፣ ጣትሽ ፈጠነ" አልኩ። አንተም "ልምድ ነው" ብለህ መለስክልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ከእነዚያ ሁሉ የመጨረሻው የእሷ መልእክት የቱ ነው? እናቴ የት ላይ አብቅታ አንተ የት ላይ እንደጀመርክ ማወቅ አለብኝ። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍልኝ። ሌላ ከአንተ የምፈልገው የለም።

የአክስትህ ልጅ
ሽያ ሱዌን


ኖቬምበር 6 ቀን 2016
ቺንትየን፣ ቻይና

ለተከበርሽው እህቴ ለሱዌን፤

ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። አባቴ ወገቡ ሲበርድ ይነሣበታል እንጂ ደህና ነው። ልጄ ጥርስ አወጣ። በሄድሽበት ሁሉ ቀና ይሁንልሽ።

ደብዳቤሽ በሃያ ቀኑ ደረሰኝ። ይህ አራተኛ ወረቀቴ ነው፤ ሦስቱን ቀድጃለሁ። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ በእጄ የምጽፈው ፊርማዬን ብቻ ነው። እንደምታውቂው ሱቄ አሁን የመንደሩ የእቃ መረከቢያ ሆኗል፤ ቀኑን ሙሉ በሁለት አውራ ጣቴ ስልክ ላይ ነኝ። ፊደሉን ሳየው አውቀዋለሁ። እስክሪብቶ ስይዝ ግን ከጭንቅላቴ ይጠፋል። ስለዚህ ስልኬን አጠገቤ አስቀምጬ ቃሉን እነካለሁ፣ ሲወጣ አይቼ ወረቀቱ ላይ እገለብጣለሁ። "ቀብር" የሚለውን እንኳ እንዲህ ነው የጻፍኩት። አትሳቂብኝ።

ቀብሩ በወጉ ተፈጽሟል። በአንቺ ቦታ ፎቶዋን ይዤ ፊት ፊት የሄድኩት እኔ ነኝ። የወረቀት ቤት፣ የወረቀት ፍሪጅና የወረቀት ስልክ አቃጥለንላታል፣ ወዲያ ማዶ ምንም እንዳይጎድልባት። ሰማንያ ሰው በልቶ ሄዷል።

አለመንገራችን የራሷ ትእዛዝ ነው። "ወረቀቷ ሳይወጣ እንዳትነግሯት። ከሰማች ትመጣለች፣ ከመጣች ስፔን መልሰው አያስገቧትም፣ የሰባት ዓመት ልፋቷ ውሃ ይበላዋል" አለች። አባቴም እኔም ቃል ገባን። ቃላችንን ጠበቅን።

የጠየቅሽኝን በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። እጄ ደክሟል።

ወንድምሽ ቦሊን


ኖቬምበር 27 ቀን 2016
ቫሌንሺያ

ለቦሊን፤

እጅህ እንደምን ሰነበተ? ደክሞታል ብለኸኛልና። ልጅህ ጥርስ በማውጣቱ ግን ደስ ብሎኛል፣ ይደግልህ።

ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ እናቴን ሆኖ ሲጽፍ ያልደከመ እጅ በአንድ ገጽ ደከመ? በክፍላችን በጽሕፈት ሽልማት የወሰድከው አንተ አልነበርክም? መምህር ቱ ወረቀትህን ግድግዳ ላይ ለጥፎ "እንደ ቦሊን ጻፉ" ይለን ነበር። አሁን የላክልኝን ሳየው ዶሮ የጫረው መሰለኝ። በስልክ ሰው ስትሆን ግን ጎበዝ ነህ።

የወረቀቱ ስልክ ቁልፍ የተሣለበት ነው? ከሆነ በከንቱ አቃጠላችሁት፤ እናቴ ቁልፍ አትችልም።

ትእዛዙን በሚመለከት አመንኩህ እንበል። እናቴን አውቃታለሁ፣ እንዳትነግሯት ልትል ትችላለች። ዝም በሉ አለች፣ እሺ። እኔን ሁኑልኝ አለቻችሁ? የምሠራበት ባር ባለቤት ወይዘሮ ጂ የአገራችን ሰው ናት፣ ታሪኬን ነገርኳት። "ተያቸው፣ ለደግ ብለው ነው። እኔም አባቴ ሲሞት የሰማሁት በዓመቱ ነው፤ ውጭ ላለ ሰው ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው" አለችኝ። "በዚያ ዓመት ውስጥ አባትሽን ሆኖ ማን ይጽፍልሽ ነበር?" አልኳት። "ማንም" አለችኝ፣ ከዚያ ብርጭቆዋን ወደማጠብ ተመለሰች።

የጠየቅኩህ አንድ ቀንና አንድ ሰዓት ነው። ለዚህ ሁለት ቁጥር ይበቃል፤ ቁጥር ለመጻፍ ስልክ ማየት አያስፈልግህም።

ሱዌን


ዲሴምበር 28 ቀን 2016
ቺንትየን

ለሱዌን፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። አባቴ ደብዳቤሽን ሳነብለት አዳመጠኝና ሳህኑን ገፍቶ ተነሣ። ይህንንም ከእሱ እንደተላከ ሰላምታ ቁጠሪው።

አንቺ ብዙ ብለሻል፤ አሁን ደግሞ እኔን ስሚ። አክስቴን ሆዷን ያመማት ባለፈው ዓመት በአጨዳ ሰሞን ነው። ከቤታችሁ እስከ መኪናው መንገድ ስንት የድንጋይ ደረጃ እንዳለ ታውቂያለሽ። በጀርባዬ አዝዬ አውርጃታለሁ፣ በጀርባዬ አዝዬ መልሻታለሁ፣ ያውም አንዴ አይደለም። ሚስቴ እርጉዝ ሆና ልብሷን ታጥብላት ነበር። ጸጉሯን የማበጥርላት እኔ ነበርኩ። አንቺ ዳቦ እየጠበስሽ "እየጻፈች ነው" የሚለውን ስታዪ፣ እዚህ ትራሷን ከጀርባዋ የሚደግፍላት ማን ይመስልሻል? በቀብሩ ቀን መንደሩ "ልጇስ?" ሲል አንገቱን ደፍቶ የሄደው ማን ነው? ሰባት ዓመት ሙሉ በእያንዳንዱ በዓል እንጨቷን የፈለጥኩላት እኔ ነኝ። አሁን አንድም ቀን አመሰግናለሁ ሳትዪ ጽሕፈትህ የዶሮ ጭረት ነው ትዪኛለሽ።

እንዴት እንደጀመርኩ ልንገርሽ። ባረፈች በማግስቱ ስልኳ ጮኸ። "እማዬ፣ ዛሬ ምን በላሽ?" ይላል። አስከሬኗ ገና ከቤት አልወጣም። አባቴ "መልስላት" አለኝ። "ምን ብዬ?" አልኩት። "እሷ እንደምትለው" አለኝ። የመጀመሪያዎቹን መልእክቶች ስልክልሽ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሌላም ልጨምርልሽ፣ ለሚስቴም ያልነገርኳትን። ስልኩ ለመደኝ። አንድ ቁልፍ ስነካ "በልተሻል?" የሚለውን ያቀርብልኛል። እሱን ስመርጥ "ልብስ ደርቢ" ያመጣል። ከዚያ "እኔ ደህና ነኝ፣ አታስቢ"። በጁን አካባቢ አክስቴን የሚጽፋት ስልኩ ራሱ ነበር፤ እኔ የማደርገው የመጣልኝን መንካት ብቻ ነው። በደንበኛና በደንበኛ መሀል ቆሜ አንድ እናት ሙሉ እልክልሽ ነበር። አንዳንዴ ምን እንደላክሁ እንኳ አላነበውም። በዚህ አፍራለሁ። ግን ሌባ አይደለሁም።

የመጨረሻው የእሷ መልእክት የማርች 10 ነው። "አሳዎቹ ወፍረዋል፣ እኔ ደህና ነኝ፣ አንቺ ብቻ ጤና ሁኚ" ያለችሽ። ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ነው። ደግ መልእክት ነው፤ እሱን ያዢና እዚህ ላይ ይብቃን።

ቦሊን


ጃንዋሪ 20 ቀን 2017
ቫሌንሺያ

ለአጎቴ ልጅ ለቦሊን፤

አዲሱ ዓመት፣ የዶሮው ዓመት፣ በሰላም ይግባላችሁ። ለልጅህ ቀይ ኮፍያ ልኬለታለሁ፤ ኮፍያው ከእኔና ከአንተ ጠብ ጋር ጉዳይ የለውም።

ስለ ደረጃው ያልከው እውነት ነው። ስለ ልብሱም፣ ስለ እንጨቱም፣ ስለ ጸጉሯም። እርጉዝ ሆና የእናቴን ልብስ ያጠበችልኝን ሚስትህን እጇን ሳምልኝ። አንተንም አመሰግናለሁ፤ ይህን በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ልጽፈው ይገባኝ ነበር። አሁን ጽፌዋለሁ።

ውሸታም መሆንህ ግን አልቀረም። ማርች 10ን ከፍቼ አየሁት። "እማዬ እንዴት ዋልሽ?" ያልኩት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ነው። መልሱ የገባው ሁለት ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ነው። ያ ሁሉ ፊደል፣ በትንሿ ጣት፣ በሞቷ ዋዜማ፣ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ? ወደ ኋላ ሄድኩ። ማርች 9 ወዲያው። ማርች 8 ወዲያው። ማርች 7ም ወዲያው። ማርች 4 ላይ "ዝናብ ነው፣ ጫማሽ ይድረቅ" የሚል አለ። ከጥያቄዬ እስከ መልሱ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ይኼ የእናቴ ነው። ይህን ለማወቅ ያንተ ደብዳቤ አላስፈለገኝም።

በማርች 4ና በማርች 7 መሀል ግን አንድ የማልረሳው ቀን አለ፤ ማርች 6። እሑድ ነበር፣ ባሩ በቁርስ ሰው ጢም ብሏል። ስልኬን ዳቦ መጥበሻው አጠገብ አድርጌዋለሁ። "እየጻፈች ነው" ይላል። ይጠፋል። ተመልሶ ይመጣል። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ሆነ። እኔ ትሪ ተሸክሜ እመላለሳለሁ፣ ወይዘሮ ጂ ትጮህብኛለች፣ እጄን ዘይት አቃጥሎኛል። ከዚያ ምን ብዬ እንደላክሁ እዚሁ ተቀምጦ ያየኛል፤ "እማዬ ተይው፣ ሰው በዝቶብኛል፣ ነገ ትጽፊልኛለሽ"። ሁለት ሰዓት ከአርባ አንድ ደቂቃ ይላል። "እየጻፈች ነው" የሚለው ጠፋ። በማግስቱ "ትናንት ምን ልትዪኝ ነበር?" ብዬ ጠየቅኳት። "ምንም አይደለም፤ በልተሻል?" የሚል በዚያችው ደቂቃ መጣ።

ያ መልስ ያንተ ነው። ማርች 7 ቀን እናቴ አልሞተችም። ከሞተች በኋላ ጀመርኩ ብለህ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ ብለህ፣ አስከሬኗን ሳይቀር ምስክር ጠርተህ ዋሸኸኝ።

እሑድ ዕለት ምን እየጻፈች ነበር? ስልኩ ያለው አንተ ጋ ነው። እሷ ያለችው አንተ አጠገብ ነበር። ንገረኝ። ካልነገርከኝ ከዚህ በኋላ ዘመድ የለኝም እላለሁ፣ እናንተም ሱዌን ሞተች በሉ፤ ያኔ እኔን ሆኖ ማን እንደሚጽፍ እናያለን።

ሱዌን


ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2017
ቺንትየን

ለእህቴ ለሱዌን፤

ኮፍያው ደርሶ ልጄ አድርጎታል። እጅሽ ይባረክ።

ይህን ደብዳቤ ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ነው የጻፍኩት። የረሳሁት ፊደል ጋ ስደርስ ባዶ ቦታ ትቻለሁ። አንቺ ሙይው።

እሑድ ዕለት ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ብርቱካን እየላጥኩላት ነበር። ስልኬን ስጠኝ አለችኝ። በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያዘችውና በትንሿ ጣቷ መጻፍ ጀመረች። ጣቷ ስለሚንቀጠቀጥ ስልኩ ሌላ ሌላ ፊደል ያወጣላት ነበር፤ ታጠፋዋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። "አክስቴ፣ ንገሪኝና እኔ ልነካካልሽ" አልኳት። "አንተ አርፈህ ብርቱካንህን ላጥ" አለችኝ። ግማሽ ሰዓት ሆነ። ሁለት ፊደል ጻፈች። ሦስተኛ ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ያኔ ያንቺ መልእክት ገባ። አነበበችው። "ሥራ በዝቶባታል፤ ነገ ብላለች" አለችኝና ስልኩን ትራሷ ሥር አደረገችው። አልከፋትም። ወይም ከፍቷት እንደሆነ እኔ አላየሁም።

በማግስቱ ጠዋት ቻርጅ ላደርገው ሳወጣው መጻፊያው ሳጥን ውስጥ የጻፈችው እንዳለ ተቀምጧል። በሁለት ፊደል "ተመለሺ" ይላል።

ለአባቴ አሳየሁት። "አትንገሯት ያለችን በደህናዋ ጊዜ ነው፤ የቀደመው ቃሏ ይበልጣል" አለኝ። ከምሳ በኋላ ያንቺ ጥያቄ ገባ፣ "ትናንት ምን ልትዪኝ ነበር?" የሚለው። አዲስ ነገር ለመጻፍ እዚያ ያለውን ማጥፋት ነበረብኝ። ቁልፉን ሁለት ጊዜ ነካሁት። ሁለቱም ፊደል ጠፋ። ከዚያ "ምንም አይደለም፤ በልተሻል?" ብዬ ላክሁ። በዚህ አባቴን አላሳብብም፤ ጣቱ የእኔ ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ በኦክቶበር እጽፍልሽ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነቃችና "ሱዌን ጻፈች?" አለችኝ። የተላከ መስሏት ነበር፣ ወይም አንቺ በማግስቱ መጠየቅሽን አውቃ ነበር፣ አላውቅም። "ጽፋለች" አልኳት። "ምን አለች?" አለችኝ። እኔም "እመጣለሁ አለች" አልኳት።

ፊቷ በራ። ሰማያዊውን ሹራቧን አውጥቼ ወንበሩ ላይ እንድሰቅልላት አዘዘችኝ። ከማሳው ትልቁን ቀይ አሳ ያዝልኝ፣ ሱዌን የምትበላው እሱን ነው አለችኝ። ውሃው እስከ ጉልበቴ ነበር፣ ብርድ ነበር፤ ያዝኩት። ገንዳ ውስጥ አድርጌ አልጋዋ አጠገብ አስቀመጥኩላት። በነቃች ቁጥር አሳውን ታይና "የት ደረሰች?" ትለኛለች። "ሻንጋይ ደረሰች" እላታለሁ። "አሁንስ?" ትለኛለች። "ባቡር ላይ ናት" እላታለሁ። አርብ ዕለት ስታርፍ አሳው ገንዳው ውስጥ ይዞር ነበር።

የማርች 10 ቀኑን ደግ መልእክት የመጨረሻው ነው ያልኩሽ ለዚህ ነው። "ተይው፣ ነገ" ያልሽውን እንዳታስቢ ብዬ ነው። የራሴንም ለመደበቅ ነው። የትኛው እንደሚበልጥ አልመዘንኩትም።

ስልኩ አሁንም አለ። በየወሩ የቁጥሩን እከፍላለሁ፣ ለምን እንደምከፍል አላውቅም። ስድቢኝ፣ ምንም ብትዪኝ እቀበላለሁ። ዘመድ የለኝም ግን አትበዪ።

ቦሊን


ማርች 5 ቀን 2017
ቫሌንሺያ

ለዬ ቦሊን፤

በዚህኛው ሰላምታ የለም። ለመጻፍ ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ።

ባዶ የተውካቸውን ሞልቻቸዋለሁ። ዘጠኝ ነበሩ። ሰባቱን አወቅኳቸው። ሁለቱን እኔም ረስቻቸዋለሁ፤ ስልክ ከፍቼ ነው ያየሁት። እንግዲህ በዚህ አልስቅብህም።

በሌላው ግን አልምርህም። ልምርህ አስቤ አቃተኝ። አንተ ባታጠፋው፣ ከማርች 7 ጀምሮ አራት ቀን ነበረኝ። ከዚህ ወደ ማድሪድ፣ ከማድሪድ ወደ ሻንጋይ፣ ከዚያ ባቡር፤ በሁለት ቀን እደርስ ነበር። ወረቀቱን እኔ ነበርኩ የምመርጠው ወይም የምቀደው፤ የእኔ ወረቀት ነው። "የት ደረሰች?" ስትልህ ባቡሩ ላይ ያለሁት እኔ መሆን ነበረብኝ። አንተ ለሁለታችንም አንድ አንድ ውሸት ሰጥተህ ስታበቃ መሀላችን ቆመህ አሳ ያዝክ። ይህን አርቄ ላየው ብሞክርም እንዲሁ ነው።

እኔም ተይው ብያታለሁ። ዳቦ እንዳያርብኝ ብዬ እናቴን ተይው ብያታለሁ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ያንተ ጣት አይደለም። አንተን በሰደብኩ ቁጥር ራሴንም አብሬ እየሰደብኩ ነው፣ ስለዚህ ብቻህን የተመታህ አይምሰልህ።

አሁን የማዝህን ስማ። ማርች 30 ቀን እሳፈራለሁ፤ ለመቃብር ጠረጋው በዓል እደርሳለሁ። ጣቢያ ድረስ መጥተህ እንዳትቀበለኝ። ደረጃውን ብቻዬን እወጣዋለሁ። ከሚስትህ ጋር ሻይ እጠጣለሁ፣ አጎቴን ሰላም እላቸዋለሁ። ከአንተ ጋር መነጋገር መቻሌን ያኔ አየዋለሁ።

ከመሳፈሬ በፊት፣ በዚያው በማርች 30፣ በእናንተ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የእናቴን ስልክ ቻርጅ አድርገህ አልጋዋ ላይ አስቀምጠው። ሰማያዊውን ሹራብ ወንበሩ ላይ ስቀለው። ከስሜ ሥር "እየጻፈች ነው" የሚል ታያለህ። ይቆያል። ቁልፍ አልነካም፤ በትንሿ ጣቴ ነው የምጽፍላት፣ እኔም አልለመድኩትም። ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ሰው ቢገባም፣ ሥራ ቢበዛብህም፣ ግማሽ ሰዓት ቢሆንም ጠብቀኝ። የጠየቀችኝ ሁለት ፊደል ነው፣ የምመልስላትም ሁለት ፊደል ነው።

ሲደርስ አንብብላት፣ ጮክ ብለህ፣ በቋንቋችን። ከዚያ ስልኩን እዚያው ተወው። እንዳትመልስልኝ።

ሱዌን